ከአፈሩ የሚጀምር አንቴና፦ ለከርሰ ምድር ራዳር የሚሆን አነስተኛ ሰፊ ባንድ አንቴና አሠራር

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ሲቆፈር ቆሞ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ኤክስካቫተሩ አንዴ ይጭራል፣ የውሃ ቧንቧ ይፈነዳል፣ ሰፈሩ ውሃ ያጣል። በማግስቱ ደግሞ ፋይበር ይበጠስና ኢንተርኔት ይሄዳል። ከመቆፈር በፊት ከሥር ያለውን ለማየት የሚያገለግለው መሣሪያ የከርሰ ምድር ራዳር ነው፤ ባለሙያዎቹ ጂፒአር ይሉታል። በጣም አጭር የሬዲዮ ፐልስ ወደ መሬት ይልካል፣ ነጥሮ የሚመለሰውን ይቀበላል፣ ለመመለስ ከፈጀበት ጊዜ ጥልቀቱን ያሰላል።

ኤሌክትሮኒክሱ ዛሬ ብዙም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው አንቴናው ነው። ሰፊ ባንድ፣ ማለትም ሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ መሸፈን አለበት፣ በእጅ የሚጎተት ያህል ትንሽ መሆን አለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፐልሱን ከላከ በኋላ ቶሎ ዝም ማለት አለበት። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ይረሳዋል። ኤስ11 (ከአንቴናው ነጥሮ ወደ መሣሪያው የሚመለሰው ኃይል መለኪያ) ከመቀነስ 10 ዲቢ በታች ወርዶ ሲያይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ዲቢ ማለት ዴሲቤል ነው፤ በየ10 ዲቢው ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። እኔ ግን የጂፒአር አንቴናን የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው፦ ለየትኛው አፈር ነው የተሠራው? ስንት ናኖሴኮንድ ቆይቶ ነው ዝም የሚለው?

እንደ ምሳሌ አንድ አንቴና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሥራ። ሥራው እስከ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያሉ ቧንቧና ኬብሎችን መፈለግ ይሁን።

1. መጀመሪያ አፈሩን እወቁ

ሞገድ በአየር ውስጥ በአንድ ናኖሴኮንድ 30 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። መሬት ውስጥ ሲገባ ይዘገያል። የሚያዘገየው የአፈሩ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት ነው። 30ን ለዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት ስታካፍሉ ፍጥነቱ ይወጣል። ደረቅ አሸዋ ከ3 እስከ 5 ነው። ውሃ የጠገበ አሸዋ ከ20 እስከ 30 ይደርሳል። ውሃ ለብቻው 80 ገደማ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከምንም በላይ የሚወስነው እርጥበት ነው።

የእናንተን አፈር ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ቆርቆሮ ውሰዱ። አፈሩን ሳትበትኑ ሙሉት፣ መዝኑት። ከዚያ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 24 ሰዓት አድርቁትና እንደገና መዝኑት። የቀነሰው ክብደት የውሃው ነው። 90 ግራም ቀነሰ እንበል። 90ን ለ500 ስናካፍል 0.18 ይሆናል፤ የአፈሩ 18 በመቶ ይዘት ውሃ ነው ማለት ነው። ቶፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ካናዳ ውስጥ ያወጡት ቀመር አለ፤ ይህን ቁጥር ስታስገቡበት ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ 9 ገደማ ይመጣል። በዚያው ቀመር 10 በመቶ ውሃ ወደ 5 ይሰጣል፣ 20 በመቶ ወደ 10፣ 30 በመቶ ወደ 17። በክረምትና በበጋ አንድ ቦታ ላይ ሁለት የተለያዩ አፈሮች አሉ ብላችሁ ብታስቡ አልተሳሳታችሁም።

9ን እንያዝ። ስኩዌር ሩቱ 3 ስለሆነ ሞገዱ በናኖሴኮንድ 10 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። 1.5 ሜትር ደርሶ ለመመለስ 30 ናኖሴኮንድ ይፈጅበታል።

ቀጥሎ ብክነቱ ነው። የአፈሩን ኮንዳክቲቪቲ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙን፣ በሚሊሲመንስ በሜትር ውሰዱ። በ1.64 አባዙት፣ ከዚያ ለዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ ስኩዌር ሩት አካፍሉት። መልሱ ሞገዱ በየሜትሩ የሚያጣው ዲቢ ነው። ኮንዳክቲቪቲው 10 ከሆነ በሜትር 5.5 ዲቢ ይጠፋል። ለደርሶ መልስ 3 ሜትር 16 ዲቢ ገደማ ነው፤ ይቻላል።

አሁን በመረሬ አፈር እንየው። በቦሌ በኩል ግንበኞች ብላክ ኮተን የሚሉት ጥቁር ጭቃ ማለት ነው። እርጥብ ሲሆን ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ 25፣ ኮንዳክቲቪቲው 100 ነው ብለን ብንነሣ በሜትር 33 ዲቢ ይወጣል። ለደርሶ መልስ 98 ዲቢ! ይህን የትኛውም አንቴና አያድነውም። እንዲህ ያለ ቦታ የሚያዋጣው በደረቅ ወቅት መለካት ነው፤ አለዚያም ጥልቀቱን ወደ ግማሽ ሜትር ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ከነአካቴው ሌላ ዘዴ መፈለግ። ይህን ስሌት ሳይሠሩ አንቴና መቁረጥ የጀመሩ ሰዎች በኋላ ጥፋቱን በአንቴናው ላይ ያላክካሉ።

2. ባንዱን ምረጡ

ፍሪኩዌንሲ ዝቅ ሲል ሞገዱ ጠልቆ ይሄዳል፤ አንቴናው ግን ይገዝፋል። ከፍ ሲል አንቴናው ያንሳል፣ ምስሉም ይጠራል፣ ጥልቀቱ ግን ይቀንሳል። ለቧንቧና ለኬብል ፍለጋ በተለምዶ ከ300 እስከ 500 ሜጋኸርዝ ባለው መካከል ይሠራል።

ሁለት ነገሮችን ለይቶ የማየት አቅም የሚመጣው ከባንዱ ስፋት ነው። ፍጥነቱን ለባንዱ ስፋት እጥፍ አካፍሉት። ከ250 እስከ 650 ሜጋኸርዝ ብንይዝ ስፋቱ 400 ሜጋኸርዝ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር በናኖሴኮንድ ለ0.8 ሲካፈል 12.5 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። እርስ በርስ የተደራረቡ ሁለት ቧንቧዎች በመካከላቸው ከዚህ ያነሰ ክፍተት ካላቸው አንድ ሆነው ይታያሉ። ለእኛ ሥራ ይበቃል። መካከለኛው ፍሪኩዌንሲ 450 ሜጋኸርዝ ይሆናል።

3. ቅርጹ

ቪቫልዲ አንቴና በጣም ሰፊ ባንድ ይሸፍናል፤ ግን ርዝመት ይፈልጋል፣ ከመሬት ከፍ ብሎም ነው የሚሠራው። ለኮንክሪትና ለግድግዳ ፍተሻ ከ1 ጊጋኸርዝ በላይ ጥሩ ነው። ሆርን በተሽከርካሪ ላይ ተሰቅሎ አስፋልት ለመለካት ያገለግላል። ስፓይራል የተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎችን በተለያየ ጊዜ ስለሚለቅ አጭሩን ፐልስ ይበታትነዋል፤ ካልተስተካከለ በስተቀር ለፐልስ ራዳር አይመችም።

የእኔ ምርጫ ቦውታይ ነው፤ በፓፒዮን ቅርጽ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ክንፎች። ጠፍጣፋ ነው፣ መሬት ላይ ይተኛል፣ በርካሽ ይሠራል። መሬት ላይ መተኛቱ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው። በአየርና በአፈር ድንበር ላይ የተቀመጠ አንቴና አብዛኛውን ኃይሉን የሚለቀው ወደ አፈሩ ነው። በአጭር ዳይፖል ስሌት ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ 9 ሲሆን ወደ ታች የሚሄደው ወደ ላይ ከሚሄደው 27 እጥፍ ገደማ ነው። አፈሩ ራሱ ሞገዱን ወደ ታች ይስብላችኋል።

4. ልኩን አስሉ

መሬት ላይ የተኛ አንቴና በግማሽ አየር፣ በግማሽ አፈር ያያል። ስለዚህ የሁለቱን አማካይ እንወስዳለን፦ 9 ሲደመር 1፣ ለ2 ሲካፈል 5። ስኩዌር ሩቱ 2.24። በአንቴናው ላይ የሚሄደው ሞገድ ከአየር ይልቅ በ2.24 እጥፍ ይዘገያል፤ በናኖሴኮንድ 13.4 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው።

በ250 ሜጋኸርዝ የግማሽ ሞገድ ርዝመት በአየር 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ለ2.24 ስናካፍለው 26.8 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ይህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው፤ እያንዳንዱ ክንፍ 13.4 ሳንቲ ሜትር። አፈሩ አንቴናውን ያለ ምንም ዘዴ ከግማሽ በታች አሳነሰልን። መጠን መቀነስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ነጻ ስጦታ ይህ ነው።

አሁን አንግሉ። ክንፎቹ 90 ዲግሪ ከተከፈቱ መዳቡና ባዶው ቦታ እኩል ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ቅርጽ መጨረሻ ባይኖረው ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለሞገዱ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ በአየር ላይ 188 ኦም ነው፣ በየትኛውም ፍሪኩዌንሲ። መሬት ላይ ሲተኛ 188 ለ2.24 ይካፈላል፤ 84 ኦም።

ግን አፈሩ ይለዋወጣል። በደረቅ አፈር፣ ማለትም ኮንስታንቱ 4 ሲሆን፣ 119 ኦም ይሆናል። በእርጥቡ፣ 16 ሲሆን፣ 65 ኦም። ስለዚህ አንቴናውን ከ100 ኦም ጋር ብናገናኘው ለሁሉም ይስማማል፦ የቆሚ ሞገድ ሬሾው (1 ሲሆን ምንም አይነጥርም፣ በጨመረ ቁጥር ነጥሮ የሚመለሰው ይበዛል) ለደረቁና ለመካከለኛው 1.2፣ ለእርጥቡ 1.55 ይሆናል። አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንኳ 1.9 ነው። የበጋውንም የክረምቱንም አፈር የሚችል አንድ ቁጥር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ 90 ዲግሪን የምወደው ለዚህ ነው።

የክንፉን ጫፍ ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ስፋቱ 26.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይልቅ በኮምፓስ ክብ አድርጉት፤ ክንፉ 13.4 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው የክብ ሩብ ይሁን። ስፋቱ ወደ 19 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ማዕዘኖቹ ስለሚጠፉ ኢምፒዳንሱም የበለጠ ይረጋጋል። አንቴናችን 26.8 በ19 ሳንቲ ሜትር ሆነ።

5. ዝም እንዲል ማድረግ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የሥራው ልብ ይህ ነው።

ፐልሱ ከመሐል ተነሥቶ በክንፉ ላይ ይሄዳል። ጫፍ ሲደርስ መዳቡ ያልቃል። ከፊሉ ወደ አፈር ይወጣል፣ የቀረው ወደ ኋላ ይመለሳል። መሐል ደርሶ እንደገና ይነጥራል። አንቴናው እንደ ተመታ ደወል መርገብገቡን ይቀጥላል። መሐንዲሶቹ ሪንጊንግ የሚሉት ይህን ነው።

በቁጥር እንየው። ክንፉ 13.4 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ፍጥነቱም በናኖሴኮንድ 13.4። መሄጃው 1 ናኖሴኮንድ፣ መመለሻው 1። ስለዚህ በየ2 ናኖሴኮንዱ አንድ ንዝረት ይመጣል። በአፈሩ ውስጥ 2 ናኖሴኮንድ የ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ነው። በምስሉ ላይ በ10፣ በ20፣ በ30 ሳንቲ ሜትር የሌሉ አግድም መስመሮች ይታያሉ ማለት ነው።

ግማሽ ሜትር ላይ ያለ ቧንቧ በ10 ናኖሴኮንድ ይመለሳል። እስከዚያ አንቴናው አምስት ጊዜ ተመላልሷል። በየምልልሱ 6 ዲቢ ብቻ የሚያጣ ከሆነ ገና 30 ዲቢ ነው የወረደው፤ ደካማው የፕላስቲክ ቧንቧ ምልክት በዚያ ጩኸት ውስጥ ይሰጥማል። በየምልልሱ 12 ዲቢ እንዲያጣ ካደረግነው በዚያው ጊዜ 60 ዲቢ ይወርዳል። አሁን ቧንቧው ይሰማል።

ይህን የሚያደርገው ሬዚስተር ነው። ዉ እና ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳዩት ዘዴ ቀላል ሐሳብ አለው፦ ሬዚስታንሱ ከመሐል ወደ ጫፍ እየጨመረ ይሂድ፤ ሞገዱ ጫፍ ሳይደርስ ቀስ በቀስ ይለቅ። ቀመሩ በቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ የመነሻውን ሬዚስታንስ፣ ከ1 ላይ የቦታው ርቀት ለክንፉ ርዝመት ያለው ድርሻ ተቀንሶ ለሚቀረው አካፍሉ።

መነሻውን 20 ኦም አድርጉ። በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ ሦስት ቅስት ስንጥቆች ቁረጡ፣ ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር። ቦታቸው ከመሐል 5.4፣ 8 እና 10.7 ሳንቲ ሜትር፤ የክንፉ 40፣ 60 እና 80 በመቶ ማለት ነው። ቀመሩ 33፣ 50 እና 100 ኦም ይሰጣል። በአንድ ስንጥቅ ላይ አንድ ሬዚስተር ብቻ ብታስቀምጡ ግን ሞገዱ በዚያች ጠባብ ድልድይ ሊያልፍ ይገደዳል። አራት አራት ሬዚስተር እኩል አሰራጩ። አራቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ እያንዳንዱ አራት እጥፍ መሆን አለበት፦ 130፣ 200 እና 390 ኦም። ሁሉም ገበያ ላይ የሚገኙ መደበኛ ቁጥሮች ናቸው። 1206 መጠን ያለውን ኤስኤምዲ፣ ማለትም ቦርድ ላይ ተለጥፎ የሚበየደውን ሬዚስተር፣ ውሰዱ። ለብየዳ ይመቻል፣ ከትንንሾቹም የተሻለ ቮልቴጅ ይችላል።

ነጻ ግን አይደለም። ሬዚስተሩ ኃይል ይበላል፣ ያውም ሁለት ጊዜ፤ አንዴ በላኪው፣ አንዴ በተቀባዩ አንቴና። ቢሆንም ብዙ ጊዜ ምልክቱን የሚቀብረው የተቀባዩ ድካም ሳይሆን የአንቴናው የራሱ ንዝረት ነው። ስለዚህ ለፐልስ ራዳር ልውውጡ ያዋጣል ባይ ነኝ።

ከዚህም በላይ ማሳነስ የሚፈልጉ አሉ። ክንፉን ያጥፉታል፣ በእባብ መስመር ይቆርጡታል። ይቻላል። ግን ቹ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ያስቀመጠው ወሰን አለ፤ አንቴና ከሞገዱ አንጻር ባነሰ ቁጥር ወይ ባንዱ ይጠባል፣ ወይ ኃይሉ ይባክናል። ሦስተኛ መንገድ የለም። ትንሽም፣ ሰፊ ባንድም፣ ቀልጣፋም ነው የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ የትኛውን ደብቆ እንደሆነ ጠይቁ።

6. መመገቢያው

ኮአክሲያል ኬብል አንዱ ገመዱ የተሸፈነ፣ አንዱ ውጪ ያለ ነው። ቦውታዩ ግን ሁለት እኩል ክንፎች አሉት። በቀጥታ ከበየዳችሁት ኬብሉ ራሱ አንቴና ይሆናል፤ ሰው በነካው ቁጥር ምስሉ ይለወጣል። በመካከል “ባለን” የሚባል፣ ኬብሉን ከሁለቱ እኩል ክንፎች ጋር የሚያስታርቅ ዕቃ ያስፈልጋል። ከ50 ኦም ወደ 100 ኦም የሚቀይር፣ ቢያንስ ከ200 እስከ 700 ሜጋኸርዝ የሚሸፍን ትንሽ የፌራይት ትራንስፎርመር ገዝታችሁ መሐሉ ላይ አስቀምጡ። በሁለቱ ክንፎች ሹል ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የባለኑ እግሮች ከዚህ በላይ አይርዘሙ። ኬብሉ ላይም ጥቂት የፌራይት ቀለበቶች አስገቡ።

የላኪው ፐልሰር በባትሪ የሚሠራና እዚያው አንቴናው መሐል ላይ የሚቀመጥ ከሆነ በላኪው በኩል ባለኑን መተው ይቻላል።

7. ሳጥኑ

ወደ ላይ የሚሄደው ኃይል ትንሽ ነው ብለናል። ታዲያ ሳጥን ለምን? ከላይ የመብራት ሽቦ አለ፣ ከጎን ግድግዳና መኪና አለ፣ መሣሪያውን የሚጎትተው ሰው አለ። ሞገድ በአየር ውስጥ በአፈር ውስጥ ያህል ስለማይዳከም የሩቅ ግድግዳ ከቅርብ ቧንቧ በላይ ይጮኻል። ባዶ ሜዳ ላይ ካልሆነ በቀር ያለ ሳጥን አትሥሩ።

በአሉሚኒየም ሉህ 32 በ24 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ታቹ ክፍት ሳጥን ይበቃል። ባዶውን ከተዋችሁት ግን እሱም ይንቀጠቀጣል። 32 ሳንቲ ሜትር በ470 ሜጋኸርዝ የግማሽ ሞገድ ርዝመት ነው፤ ልክ የባንዳችን መሐል! ስለዚህ ውስጡን ካርበን በተነከረ ሞገድ በሚውጥ ስፖንጅ ሙሉት። ስፖንጁ መዳቡን እንዳይነካ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ተራ ስታይሮፎም በመካከል አስገቡ። የኮምፒውተር ዕቃ የሚጠቀለልበት ጥቁር ፀረ ስታቲክ ስፖንጅ በመጠኑ ይሠራል፤ ጥራቱ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያልና ለክታችሁ ተጠቀሙ።

8. በኮምፒውተር ፈትኑት

ለዚህ ሥራ ጂፒአርማክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ጅማሬው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የተሠራውም ለጂፒአር ተብሎ ስለሆነ አፈርን እንደ ዋና ነገር ይቆጥራል።

አፈሩን ኮንስታንቱ 9፣ ኮንዳክቲቪቲው 10 ሚሊሲመንስ በሜትር ብላችሁ ግለጹ። ፕሮግራሙ ቦታውን የሚከፋፍልባቸውን ትንንሽ ኩቦች፣ ማለትም ሴሎቹን፣ 2 ሚሊ ሜትር አድርጉ፤ ሴሉ ከስንጥቁ ስፋት ከበለጠ ስንጥቁ ስለማይታይ፣ በሞዴሉ ውስጥ ስንጥቆቹንም 2 ሚሊ ሜትር አድርጉ። 60 በ60 በ40 ሳንቲ ሜትር ቦታ ለመሸፈን 18 ሚሊዮን ሴል ይሆናል፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ካላችሁ ተጠቀሙበት። አንቴናው ከሚውጡት ዳርቻዎች ቢያንስ 15 ሴል ይራቅ።

መጀመሪያ ሬዚስተር ሳይኖር አስኬዱት። ቀጥሎ ከነሬዚስተሩ። ሁለቱን ሞገዶች በዲቢ አንድ ላይ ሣሉና በ10 ናኖሴኮንድ ላይ ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። ከዚያ የመነሻውን 20 ኦም ወደ 10፣ ወደ 30፣ ወደ 40 እየቀያየራችሁ ድገሙት። በመጨረሻም አፈሩን ወደ 4 እና ወደ 16 ቀይሩ። በአንድ አፈር ብቻ ቆንጆ የሆነ ንድፍ ወረቀት ላይ ይቀራል።

9. ሥራው

1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤፍአር4 (የተለመደው የፋይበርግላስ) የመዳብ ቦርድ ይበቃል። በአንድ በኩል ብቻ መዳብ ያለው ይሁን። ቅርጹን በሌዘር ፕሪንተር አትማችሁ በካውያ አስተላልፉ፣ በፌሪክ ክሎራይድ እጠቡ። ጓንት ልበሱ፣ መስኮት ክፈቱ። ይህን ያህል ትልቅ ቦርድ ካጣችሁ የመዳብ ቴፕ በፕላስቲክ ሉህ ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ መጋጠሚያዎቹን ግን በብየዳ ያዙ፣ ማጣበቂያው ብቻውን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ሬዚስተሮቹን ከበየዳችሁ በኋላ እያንዳንዱን ስንጥቅ በመልቲሜትር ለኩ። ወደ 33፣ 50 እና 98 ኦም ማንበብ አለበት። 33 ማሳየት የነበረበት 43 ካሳየ ከአራቱ አንዱ አልተበየደም።

ከታች በኩል 3 ሚሊ ሜትር ጠንካራ ፕላስቲክ ለጥፉበት፤ ድንጋይ መዳቡን እንዳይልጠው።

10. ልኬት

ናኖቪኤንኤ የተባለችው ርካሽ መለኪያ እስከ 900 ሜጋኸርዝ ትሄዳለች፤ ለእኛ ባንድ ትበቃለች። በኬብሉ ጫፍ ላይ ካሊብሬት ሳታደርጉ አትጀምሩ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ኤስ11ን ሦስት ቦታ ለኩ። አየር ላይ ስታነሡት የባንዱ የታችኛው ጠርዝ 560 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሆናል። አትደንግጡ፤ ከአፈር የራቀ አንቴና እንዲህ ነው። ደረቅ አሸዋ ላይ ስታስተኙት ወደ 350 ይወርዳል። ኮንስታንቱ 9 በሆነ አፈር ላይ 250። ሬዚስተሮቹ ጠርዙን ስለሚያለሰልሱት ጎድጓዳው የተሳለ አይሆንም፤ ለእኛ ጥሩ ምልክት ነው። ሥራችሁ በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ላይ ከሆነ ግን ክንፉን ወደ 19 ሳንቲ ሜትር አሳድጉት። አየር ላይ ብቻ የተለካ የጂፒአር አንቴና ውጤት ሲቀርብ እኔ ብዙም አላምነውም።

ቀጥሎ የጊዜውን ልኬት ውሰዱ። ሁለት አንቴናዎች ካላችሁ አንዱን ከመለኪያዋ ፖርት 1፣ ሌላውን ከፖርት 2 ጋር አገናኙ። ከ50 እስከ 900 ሜጋኸርዝ በ101 ነጥብ ለኩና ውጤቱን ወደ ጊዜ ቀይሩት። እስከ 118 ናኖሴኮንድ ድረስ ሳይደባለቅ ያሳያችኋል፤ እኛ የምንፈልገው 30 ብቻ ነው። ቀጥተኛው ምልክት ከደረሰበት ጫፍ ጀምራችሁ ስንት ዲቢ በስንት ናኖሴኮንድ እንደወረደ ጻፉ። በ10 ናኖሴኮንድ 50 ዲቢ ከወረደ ለሥራው ደርሷል። ካልወረደ መጀመሪያ ሬዚስተሩን ሳይሆን ስፖንጁን ጠርጥሩ፤ ሳጥኑን አውጥታችሁ ድገሙት። ንዝረቱ ከጠፋ ጥፋቱ የሳጥኑ ነው።

ፈተናው በአሸዋ ሳጥን ይቀጥላል። ጥልቅ በርሜል ወይም የግንባታ አሸዋ ክምር ይበቃል። የብረት ሳህን 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ቅበሩ። ደረቅ አሸዋ ውስጥ ሞገዱ በናኖሴኮንድ 15 ሳንቲ ሜትር ስለሚሄድ ምልክቱ በ6.7 ናኖሴኮንድ መታየት አለበት። ከሳህኑ ጋርና ያለ ሳህኑ ለክታችሁ አንዱን ከሌላው ቀንሱ። የቀረው ሳህኑ ነው።

11. ሜዳ ላይ

ላኪና ተቀባዩን ጎን ለጎን አድርጉ፣ ክንፎቻቸው ትይዩ ይሁኑ፣ በመካከላቸው የብረት ግድግዳና ስፖንጅ ይግባ። የብረት ቧንቧ ስትፈልጉ ክንፎቹ ከቧንቧው ጋር ትይዩ ሆነው፣ እናንተ ግን ቧንቧውን አቋርጣችሁ ሂዱ። አቅጣጫውን ካላወቃችሁ ቦታውን በሁለት አቅጣጫ ፈትሹ፦ አንዴ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ አንዴ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። ቀጭን የብረት ቧንቧ በተሳሳተ አቅጣጫ ከሄዳችሁበት ሊሰወር ይችላል።

አንቴናው መሬት ይንካ። ሣር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል የሚያየው አፈር ሳይሆን በአብዛኛው አየር ነው፤ ኢምፒዳንሱ ይወጣል፣ የታችኛው ጠርዝ ይሸሻል፣ የነበረን ጥቅም ሁሉ ይቀንሳል። ሣሩ ይታጨድ። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ፤ በየድንጋዩ መዝለሉ በምስሉ ላይ የሐሰት መስመር ያወጣል።

ስልካችሁን አጥፉ ወይም መኪና ውስጥ ተዉት። አንድ ነገር ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ይለቅ፦ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ በራሳችሁ የሠራችሁትን ላኪ አደባባይ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ። ውጭ አገር ላላችሁም እንደዚያው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ (ኤፍሲሲ) ለጂፒአር ያወጣቸው ደንቦች አሉ፣ አውሮፓም የራሱ አለው።

በመጀመሪያው ቀን ቦታው የታወቀ አንድ ቧንቧ ላይ ሂዱ። የማንሆል ክዳን ካለ በሱ ከፍታችሁ ጥልቀቱን በመለኪያ ሜትር ለኩ። የዚያን ጥልቀት እጥፍ ቧንቧው በምስሉ ላይ ለታየበት ናኖሴኮንድ አካፍሉት፤ የአካባቢው አፈር ትክክለኛ ፍጥነት የሚገኘው ከዚህ ነው። ለምሳሌ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ቧንቧ በ16 ናኖሴኮንድ ከታየ፣ 160 ለ16 ሲካፈል በናኖሴኮንድ 10 ሳንቲ ሜትር፤ የቆርቆሮው ስሌት ልክ ነበር። በ20 ከታየ ፍጥነቱ 8 ነው፣ ኮንስታንቱም 14 ገደማ። ይህ ሲሆን ሌሎቹን ጥልቀቶች በሙሉ በዚህ ፍጥነት አስተካክሉ፤ አንቴናው ግን አሁንም በ65 እና በ119 ኦም መካከል ስለሆነ መንካት አያስፈልግም።